ነባር የንግድ ሕንፃ ሲታደስ በምን ይለካ?

ክቡር አዘጋጅ፣

በመሀል አዲስ አበባ፣ በተለይም በአራዳ፣ በአዲስ ከተማና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች የሚገኙ ዕድሜ ጠገብ የንግድ ሕንፃዎችን ለሚያድሱ ባለቤቶችና ተከራዮች በመሐንዲስነት ማማከር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የኮሪደር ልማቱ የዋና ዋና መንገዶችን ዳር በአጭር ጊዜ ከለወጠ ወዲህ፣ ከመንገድ የሚታየው የሕንፃ ፊት ሲታደስ፣ ሲቀባና መብራት ሲገጠምለት፣ ከፊቱ በስተጀርባ ያለው ደረጃ፣ ወለል፣ ጣሪያና የኤሌክትሪክ መስመር ግን እንደነበረ መቅረቱን በየቦታው አያለሁ። ይህ የሚሆነው በባለቤቱ ቸልተኝነት ወይም በገንዘብ ዕጦት እንደሆነ ሲነገር እሰማለሁ። እንደ እኔ ትዝብት ግን ትልቁ ምክንያት፣ ውስጡን ለማደስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በተግባር የሚለካው ለአዲስ ሕንፃ በተቀረጸ መለኪያ መሆኑ ነው። በዚህ ጉዳይ ያለኝን ሐሳብ አንባቢዎቻችሁና የሚመለከታቸው ኃላፊዎች እንዲያዩልኝ በአክብሮት አቀርባለሁ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና የማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 243/2003 አገሪቱ ለግንባታ ወጥ የሆነ ዝቅተኛ መመዘኛ እንዲኖራት ያደረጉ ሕጎች ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት የነበረውን አሠራር የምናስታውስ ባለሙያዎች ዋጋቸውን አናሳንስም። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። በአርማታ ወይም በብረት ተሸካሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ቤት በምድብ «ሀ» ይገባል፤ የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃዎች፣ ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም ከፍታቸው ከ12 ሜትር የሚያልፍ ሕንፃዎች በምድብ «ሐ» ይመደባሉ፤ በመካከል ያለው ምድብ «ለ» ነው። ፈቃድ የሚያስፈልገውም አዲስ ለመገንባት ብቻ ሳይሆን ነባሩን ለማሻሻል፣ ለማስፋፋት፣ አገልግሎቱን ለመለወጥና ለማፍረስ ጭምር ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ምድቡ የሕንፃውን አሠራርና ዕድሜ ስለማይጠይቅ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በድንጋይና በጣውላ የተሠራ አንድ ፎቅ ቤት ከመጋዘንነት ወደ እንግዳ ማረፊያነት ሲዛወር፣ ትናንት መሠረቱ ከተቆፈረ የአርማታ ሕንፃ ጋር በአንድ ረድፍ ተሰልፎ መገኘቱ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በፒያሳ፣ ወርቅ ቤቶቹ ካሉበት መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ምድሩ ለሱቅ ፎቁ ለዕቃ ማከማቻ ሲያገለግል የኖረ አንድ ሕንፃ አለ። ግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውና በኖራ የተያያዘ ድንጋይ፣ የፎቁ ወለል ደግሞ በወፋፍራም ወራጆች ላይ የተነጠፈ ጣውላ ነው። ባለቤቱ ፎቁን ለቢሮ ለማከራየት አስቦ መጸዳጃ ለማስገባት፣ የመብራት መስመሩን ለመለወጥና ጣሪያውን ለማደስ ሕጋዊ ፈቃድ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ሁለተኛ ደረጃ ከተለየ መውጫ ጋር እንዲሠራ፣ ነባሩ ደረጃ እንዲሰፋ፣ የጣውላው ወለል እሳት በሚቋቋም አርማታ እንዲተካና የመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ የሚል ነበር። ሕንፃው በሦስት ጎኑ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆምበት መሬት የለውም። ነባሩን ደረጃ ለማስፋት ከሥሩ ያሉት ሱቆች መፍረስ አለባቸው። የመኪና ማቆሚያውም ከመሬት በታች መቆፈር ስለሚጠይቅ ሕንፃው ቆሞ እያለ የሚሠራ አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ግን የወለሉ ጥያቄ በደንብ ሊጤን ይገባዋል፤ በደህንነት ስም የቀረበ ሆኖ ሳለ ሕንፃውን ከነበረበት ይልቅ አደገኛ ያደርገዋልና። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ወለል በአንድ ካሬ ሜትር ከ350 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። የጣውላ ወለል ከነወራጁ ከዚህ አንድ አምስተኛውን ላይደርስ ይችላል። በኖራ የተያያዘ፣ ፌሮ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ ቁልቁል የሚጫነውን ክብደት ለጊዜው ቢችለው እንኳ መሬት በተንቀጠቀጠ ጊዜ የሚገፋው ከዚያው ክብደት የሚመነጭ ኃይል ነው፤ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል። የሕጉን ቃል ጠብቆ የተሠራ እድሳት ሕንፃውን ሊያዳክመው እንደሚችል ፈቃድ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ወገን ልብ ያለው አይመስለኝም።

ባለቤቱ ማመልከቻውን አነሣ፤ «ከነገሩ ጦም እደሩ» አለ ማለት ነው። እድሳቱ ግን አልቀረም። በመሀል ከተማው እንደተለመደው ሥራው ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ፣ በሩ በሸራ ተሸፍኖ፣ በጂፕሰምና በቀለም ተጠናቀቀ። ሰው የሚያየው አዲስ ኮርኒስና አዲስ ቀለም ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሽቦ ለጥቂት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የተዘረጋው የድሮው ሽቦ ሲሆን፣ አሁን የቡና ማሽን፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ማሞቂያ ይሸከማል። ብሬከሩ እየዘለለ ሲያስቸግር ከፍ ባለ አምፔር ይለወጣል፤ ሽቦው ግን አይለወጥም። ፈቃድ ስላልተጠየቀበት መርማሪ አይመጣም፤ መርማሪ ስላልመጣ ስሕተቱን የሚያይ የለም። ጥብቅ የተባለው መለኪያ በተግባር ያስገኘው ውጤት ምንም ቁጥጥር የሌለበት እድሳት ሆነ ማለት ነው። ይህን የመሰሉ ሥራዎችን ያየ ባለሙያ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በጽሑፍ የሚያወጣው ግን ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እንጀራችን ከዚያው ሰፈር ነው።

በመሀል ከተማው የሱቅ ረድፎች ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈራኝ ነገር የደረጃ ስፋትም የመኪና ማቆሚያም አይደለም፤ ከኮርኒስ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስድስት ወይም ስምንት ሱቆች ይደረደራሉ። ሱቆቹን የሚለያየው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ያለው ክፍተት ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። በአንደኛው ሱቅ የተነሣ እሳት ኮርኒሱን ከበሳ በኋላ በዚያ ክፍተት ውስጥ፣ በደረቀው የጣሪያ እንጨት ላይ፣ ማንም ሳያየው ይሮጣል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሱቅ ውስጥ ያለ ነጋዴ እሳቱን የሚያውቀው ጢሱ ከራሱ በላይ ሲወርድ ነው። የመርካቶ ሱቆች ደግሞ ቆጥ ስላላቸው፣ ዕቃው እስከ ኮርኒሱ ተቆልሎ ለእሳቱ መሰላል ይሆንለታል።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። የሚለያየውን ግድግዳ በጡብ ወይም በብሎኬት እስከ ቆርቆሮው ድረስ ማሳደግ፣ ሽቦና ቧንቧ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች በማይቀጣጠል ነገር መድፈን፣ በክፍተቱ ውስጥ የተንጠለጠለውን ሽቦ በቱቦ ውስጥ ማስገባት፤ ይኸው ነው። ይህን ለመሥራት ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ደግሞ ኮርኒሱ ለእድሳት የተነሣበት ጊዜ ነው። ሆኖም በብዙ የእድሳት ማመልከቻ ላይ ይህ ሲጠየቅ አላየሁም። የአዲስ ሕንፃ መለኪያ ይህን ጉዳይ የሚያነሣበት ምክንያት የለውም፤ አዲስ ሕንፃ በየወለሉ የአርማታ ጣሪያ ስላለው ግድግዳው ከአርማታው ጋር ይገናኛል፣ ክፍተቱም አይፈጠርም። ስለዚህ በአንድ በኩል የማይቻለው ይጠየቃል፣ በሌላ በኩል የሚቻለውና ነፍስ የሚያድነው ሳይጠየቅ ይቀራል።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከመቶ ዓመት በላይ ባገለገለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት በከተማው ነዋሪ ዘንድ አልተረሱም። በሸማ ተራው አደጋ የእሳት አደጋ መኪኖች በጠባቡ መተላለፊያ ለመግባት መቸገራቸው በጊዜው ተነግሯል። ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ የሚሰማው ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ መለኪያው ይጥበቅ፣ አሮጌው ይፍረስ። የሐዘኑን ምንጭ አከብራለሁ። ነገር ግን እሳት ሲነሣ ጉዳቱን የሚወስኑት ክፍሎቹ በምን እንደተለያዩ፣ ጢሱ በስንት ደቂቃ እንደሚታወቅ፣ ሰው በየት እንደሚወጣና መኪናው እስከ የት እንደሚደርስ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በነባር ሕንፃ ላይም ሊሻሻሉ የሚችሉ ናቸው፣ የሚሻሻሉትም እድሳት ሲፈቀድ ነው።

የምጠይቀው መለኪያው እንዲላላ አይደለም፤ በነባር ሕንፃ ላይ የሚመዘነው የደህንነቱ ውጤት እንዲሆን ነው። ሁለተኛ ደረጃ የሚቆምበት መሬት ከሌለ፣ ያንኑ ያህል ደህንነት በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ይጠየቅ። ያለውን አንድ ደረጃ እሳት በሚቋቋም ቦርድ ከሱቆቹ ለይቶ መከለል፣ በራሱ የሚዘጋ በር መግጠም፣ በሁለቱም ወለሎች እርስ በርሱ የተያያዘ የጢስ ማስጠንቀቂያ ማስገባት፣ ፎቁ ላይ በአንድ ጊዜ የሚኖረውን ሰው ብዛት መወሰን፣ በመስኮቶቹ ላይ ያለውን የብረት ፍርግርግ ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። የመጨረሻውን ደግሜ ላስምርበት፤ ሌባን ለመከላከል የበየድነው ፍርግርግ በእሳት ጊዜ መውጫውን የሚዘጋብን መሆኑን ከተማው በሙሉ የዘነጋው ይመስላል። የጣውላው ወለልም ቢሆን እንደሚፈራው ወዲያው የሚነድ አይደለም። ወፍራም ወራጅ በእሳት ውስጥ ከላዩ እየከሰለ የሚሄደው በደቂቃ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ስለሆነ፣ የከሰለው ንብርብር ውስጡን ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቀዋል። ከሥሩ እሳት ተከላካይ የጂፕሰም ቦርድ በድርብ ቢመታበት ከሱቁ የሚነሣው እሳት ወደ ፎቁ ለመድረስ እንደ አሠራሩ ጥራት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድበት ይችላል። ይህ ጊዜ በአንድ ፎቅ ላይ ያሉ ሠራተኞች ሁሉ ለመውጣት ከሚበቃቸው በላይ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1998 ለነባር ሕንፃዎች እድሳት የተለየ ደንብ ሥራ ላይ አዋለች። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ የእድሳቱ ወጪ ከሕንፃው ዋጋ የተወሰነ እጅ ካለፈ ሕንፃው በሙሉ የአዲስ ሕንፃ መመዘኛ እንዲያሟላ የሚያስገድድ ነበር፤ ባለቤቶችም ወጪውን ከዚያ ገደብ በታች ለማድረግ ሥራውን ይቆራርጡት ወይም ይተዉት ነበር። አዲሱ ደንብ ወጪውን ትቶ የሥራውን ዓይነት ተመለከተ፤ ጥገና፣ ማደስ፣ ማሻሻልና እንደገና መሥራት ተለያዩ፣ የሚጠየቀውም ነገር ከሚነካው የሕንፃ ክፍል ጋር ተመጣጠነ። የአገልግሎት ለውጥ ሲኖር ደግሞ አዲሱ አገልግሎት ከቀድሞው የበለጠ አደጋ ያለው እንደሆነና እንዳልሆነ ይመዘናል። ካሊፎርኒያ ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1975 ለታሪካዊ ሕንፃዎች አማራጭ መመዘኛ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች። የሰው አገር ሕግ ተገልብጦ ይምጣ ማለቴ አይደለም፤ የእነርሱ አሮጌ ቤት ብዙውን ጊዜ እንጨት ነው፣ የእኛ ድንጋይ፣ ጡብና ጭቃ ነው። ልንወስደው የሚገባን አመዛዘኑን ነው።

ከተሸካሚው የሕንፃ አካል ጋር በተያያዘ ግን የእኔ አቋም ከብዙ ባለንብረቶች የጠበቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰውን ከየፎቁ አስወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የግንባታ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲተካ ለአዲስ አበባ የሚታሰበው የመንቀጥቀጥ ሥጋት ከቀድሞው ከፍ ብሏል። ከእነዚህ ኮዶች አስቀድሞ የተሠራ፣ ፌሮ የሌለው የድንጋይ ሕንፃ የአዲሱን ስሌት ያሟላ ቢባል ማንም አያምንም፤ እንዲያሟላ ከተጠየቀም መፍረስ አለበት። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ግን ብዙ ሥራ አለ። የወለሉን ወራጆች በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ማያያዝ፣ በግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የአርማታ ማሰሪያ ማስገባት፣ ከጣሪያው በላይ ያለ ድጋፍ የቆመውን የጌጥ ግንብ ማሰር ወይም ዝቅ ማድረግ፣ በየጊዜው ለሱቅ በር ሲባል የተሸረሸረውን የምድር ቤት ግድግዳ በብረት ፍሬም ማጠናከር ይቻላል።

የማይፈቀደውም በግልጽ መጻፍ አለበት። በአሜሪካ ሥራ ላይ ያለው የነባር ሕንፃዎች ኮድ አንድ ማሻሻያ በተሸካሚው አካል ላይ ቁልቁል የሚወርደውን ጭነት ከ5 በመቶ በላይ ከጨመረ፣ ወይም የጎንዮሽ ግፊቱ ከመቋቋሚያ አቅሙ ጋር ያለውን ምጥጥን ከ10 በመቶ በላይ ካሳደገ፣ ስሌቱ እንደገና እንዲሠራ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ቁጥር ለእኛም ያስፈልገናል። በአሮጌ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ባለ 2 ሺህ ሊትር የውሃ ታንከር ሲሞላ 2 ቶን ይመዝናል፤ ለዚህ ፈቃድ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም። ልስኑን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል፦ በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ግድግዳውን ያበሰብሰዋል፤ ኮሪደሩ ባለፈባቸው መንገዶች ዳር በጥድፊያ የተለሰኑ አንዳንድ ነባር ግድግዳዎች ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ምን እንደሚመስሉ ማየት ያስፈልጋል።

የመኪና ማቆሚያውን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። መሬት የሌለውን ሕንፃ መሬት አምጣ ማለት መልስ የሌለው ጥያቄ ነው፤ ከተማው በአካባቢው በሚያቋቁመው የጋራ ማቆሚያ ድርሻ እንዲከፍል ማድረግ ይበቃል። በዋና መንገድ ዳር ዝቅተኛ የወለል ብዛት የሚጠይቀው የፕላን ደንብም አዲስ ለሚገነባ እንጂ ቆሞ ያለውን ለሚያድስ ሊሆን አይገባውም።

ስለ አካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ግን ተለዋዋጭነት የሚለው ቃል ለማምለጫ እንዳይውል እሰጋለሁ። የሕንፃ አዋጁ በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎች ጭምር የሚያመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ያዛል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በነባር ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ማስገባት ላይቻል ይችላል። ምድር ቤቱን ያለ ደረጃ የሚገባበት ማድረግ ግን በአብዛኛው ይቻላል፤ በተለይ የእግረኛ መንገዱ በኮሪደር ሥራው በታደሰባቸው ቦታዎች የመግቢያውን ከፍታ ከእግረኛ መንገዱ ጋር ማገናኘት ቀላል ነበር፣ በብዙ ቦታ ግን ዕድሉ አምልጧል። በፎቁ የሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ በምድር ቤቱም እንዲገኝ ማስገደድ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይገባል።

ሌላው ውስብስብ ነገር የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 በመሀል ከተማው ያለውን የንግድ ቤት ከፍሎ ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ለሚባለው ተቋም ቅድመ አያት ሰጠ። በእነዚህ ቤቶች ለአርባና ለሃምሳ ዓመት የነገዱ ተከራዮች አሉ፤ ካርታው ግን በእጃቸው ስላልሆነ በስማቸው የእድሳት ፈቃድ መጠየቅ አይችሉም። አከራዩ ደግሞ ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ በመሆኑ አይጠግንም። ተከራዩ በራሱ ወጪ የሚያደርገው የደህንነት ማሻሻያ፣ ማለትም የመብራት መስመር ለውጥ፣ የግድግዳ ማሳደግና የማስጠንቀቂያ ገጠማ፣ በአከራዩ የጽሑፍ ስምምነት ብቻ እንዲፈቀድለት ቢደረግ ማንም የሚጎዳ አይመስለኝም።

በቅርስነት በተመዘገቡ ሕንፃዎች ላይ ደግሞ ሁለት ሕጎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሱ የሚታደሰው አስቀድሞ በሚሰጥ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ያዛል፤ የጣውላው ሰገነትና የእንጨቱ ደረጃ ባሉበት እንዲቆዩ የሚጠብቀው ወገን በዚህ ሕግ ሥር ነው። ሌላው መሥሪያ ቤት ያንኑ ደረጃ በአርማታ ቀይር ይላል። ባለቤቱ አንዱን ቢታዘዝ ሌላውን ይጥሳል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሳይነካ ይተወዋል፣ ሕንፃውም ራሱ እየወደቀ ይሄዳል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ውሳኔ የሚሰጡበት ሥርዓት ለምን እንደማይኖር አይገባኝም።

የፈቃድ ሰጪውን ባለሙያ ልወቅስ አልፈልግም። በወረቀት ከተጻፈው ልኬት አንድ ሳንቲ ሜትር ያጎደለ የሕንፃ ሹም ነገ አደጋ ቢደርስ ብቻውን የሚጠየቅ እሱ ነው፤ ለከለከለ ግን የሚጠይቀው የለም። በዚህ ሁኔታ መከልከል ሁልጊዜ አስተማማኙ ውሳኔ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በጨዋ ቋንቋ ለመናገር ያህል፣ መለኪያው ለአንዳንዱ ሲታጠፍ ለሌላው ሲደርቅ ከተማው ያያል። ተለዋዋጭነቱ እንግዲህ አሁንም አለ ማለት ነው፤ ያልተጻፈ በመሆኑ ግን የሚገኘው በሕንፃው ሁኔታ ሳይሆን በሰው በሰው ነው። አማራጩ መንገድ በመመሪያ ከተጻፈ፣ አማራጩን የተጠቀመው ባለሙያ ምክንያቱን በጽሑፍ ካስቀመጠ፣ ያቀረበው መሐንዲስም በፊርማው ኃላፊነቱን ከወሰደ፣ ሹሙም ይጠበቃል፣ ደጅ ጠኚውም ይቀንሳል። የተከለከለ ሰው አቤት የሚልበት የይግባኝ ቦርድም በእድሳት ጉዳይ ልምድ ያለው ባለሙያ ሊኖረው ይገባል።

«አሮጌውን አፍርሶ አዲስ መሥራት አይሻልም ወይ?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ የፒያሳ ቤቶች ሲነሡ ይህ ሐሳብ ጎልቶ ተሰምቷል። እኔም ሁሉም አሮጌ ቤት ይቁም አልልም፤ ጭቃው የረገፈ፣ ማገሩ የበሰበሰ፣ መሠረቱ የሰመጠ ቤት አለ። ሆኖም በተረፉት ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠሩ ሰዓት ጠጋኞች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ መጽሐፍ ሻጮችና ቡና ቤቶች የአዲስ ሕንፃ ኪራይ ከፍለው እንደማይቀጥሉ የታወቀ ነው። ነባር ሕንፃ ከዘመኑ መመዘኛ ጋር ታርቆ ሊታደስ እንደሚችልም ከተማችን ምስክር አላት። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የመሬት መንቀጥቀጥ መቋቋሚያው ተጠናክሮ፣ የአካል ጉዳተኞች መግቢያው ተስተካክሎ፣ መልኩ ሳይለወጥ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። የተባበሩት መንግሥታት ያለው ገንዘብ የፒያሳ ነጋዴ የለውም፤ የተሠራበት አስተሳሰብ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፦ መጀመሪያ ሕንፃው ምን እንዳለውና ምን እንደጎደለው ተጠና፣ ከዚያ የጎደለው ተሞላ።

ስለዚህ የከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን፣ የቅርስ ጥበቃው ወገን፣ የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበርና ልደታ የሚገኘው የአርክቴክቸርና የሕንፃ ግንባታ ኢንስቲትዩት በአንድነት ለነባር የንግድ ሕንፃዎች እድሳት የሚያገለግል መመሪያ እንዲያዘጋጁ እጠይቃለሁ። የሕንፃ ሕጉ በተሻሻለ ወይም በተተካ ቁጥርም ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክፍል ሊኖረው ይገባል። መመሪያው በአንድ ጊዜ ለመላው ከተማ እንዲውል አልጠብቅም፤ ከደ ጎል አደባባይ እስከ ጊዮርጊስ ባለው መንገድ ዳር በተረፉ ጥቂት ሕንፃዎች ላይ ይሞከር፣ በሙከራው ያለ ፈቃድ ያደሱ ባለቤቶችም የሠሩትን አስመዝግበው የደህንነት ጉድለቱን እንዲያሟሉ ያለ ቅጣት የጊዜ ገደብ ይሰጣቸው። ለሙከራው የሚመረጡት ሕንፃዎች ያሉበት ሁኔታ ከክረምቱ በፊት ቢጠና ይመረጣል፤ ዝናቡ ከገባ ጣሪያና ኮርኒስ ከፍቶ ማየት አይቻልምና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አማካሪ መሐንዲስ፣ ከአራት ኪሎ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ የተመዘገበ)